ቼዝ በስልክ፦ መሸነፍ ትምህርት የሚሆነው መቼ ነው?

እንደሚታወቀው ገላን ኮንዶሚኒየም በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በከተማችን ደቡባዊ ዳር የሚገኝ የጋራ መኖሪያ መንደር ነው። ከእኛ ከሠልጣኞች መካከል እዚያ የምንኖረው ጠዋትና ማታ በቃሊቲና በሳሪስ በኩል ስንመላለስ የቀናችንን ብዙ ሰዓት የሚወስደው የታክሲና የአውቶቡስ ወረፋ ነው። ወረፋ ደግሞ ስልክ ያስወጣል። ስልክ ከወጣ በኋላ ከሚከፈቱት ነገሮች መካከል ዛሬ ዛሬ ቼዝ አንዱ ሆኗል። በወረፋው ላይ ብቻም አይደለም፤ ማታ በየብሎኩ ደረጃ ላይ ሁለት ሦስት ወጣቶች በአንድ ስልክ ላይ አቀርቅረው «ፈረሱን! ፈረሱን አንሳ!» ሲባባሉ ይሰማል።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን ከእነዚሁ ወጣቶች የተሰነዘረ ጥያቄ ነው። ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፦ «በየማታው አሥር አሥራ አምስት ጨዋታ እንጫወታለን። ወራት አለፉ። ነጥባችን ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ጭንቅላታችን ለቼዝ አልተፈጠረም ማለት ነው?»

ውድ አንባብያን፣ ይህ ጥያቄ የቼዝ ብቻ አይደለም። ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት አንድ የ4ኛ ክፍል ተማሪ የሒሳብ ደብተሩን ዘግቶ «እኔ ለሒሳብ አልተፈጠርኩም» ይለናል። ለዚያ ልጅ የምንሰጠውን መልስ ዛሬ በራሳችን ጨዋታ ላይ ብንሞክረው መልካም ነው። እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ነጥቡ ምን ይለካል?

በስልካችን ላይ ከስማችን ጎን የሚታየው ነጥብ መሠረቱ አርፓድ ኤሎ የተባለ በትውልድ ሀንጋሪያዊ፣ በዜግነት አሜሪካዊ የሆነ የፊዚክስ መምህር ያወጣው ስሌት ነው። የዓለም ቼዝ ፌዴሬሽን ስሌቱን እ.ኤ.አ. በ1970 ተቀበለው። የኢንተርኔት ገጾች የየራሳቸውን ማሻሻያ አድርገውበታል። ሐሳቡ ግን ቀላል ነው። ሁለት ተጫዋቾች ነጥባቸው እኩል ከሆነ እያንዳንዳቸው ግማሽ በግማሽ ውጤት እንደሚያገኙ ይጠበቃል። አንዱ በ200 ነጥብ ከበለጠ፣ በረጅም ጊዜ ከ100 ጨዋታ 76 ያህሉን ነጥብ እንደሚወስድ ይገመታል።

አሁን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ገጹ ሁልጊዜ የሚያገናኘን ከእኛ ጋር ተቀራራቢ ነጥብ ካለው ሰው ጋር ነው። ስለሆነም ብንሻሻልም ባንሻሻልም ከጨዋታዎቻችን ግማሽ ያህሉን መሸነፋችን አይቀርም። ስንሻሻል ተጋጣሚያችንም ይከብዳል። ስለዚህ ትናንት ማታ ስምንት ጊዜ ተሸነፍን ማለት ስለ ጭንቅላታችን የሚነግረን ነገር የለም። የሚነግረን ስሌቱ በትክክል እየሠራ መሆኑን ብቻ ነው።

ሌላም አለ። ሊቼስ በተባለው ገጽ ላይ ያለ ነጥብና ቼስ ዶት ኮም ላይ ያለ ነጥብ አንድ ዓይነት ሚዛን አይደሉም። «እኔ 1500 ነኝ፤ አንተ 1100 ነህ» ብሎ ከጎረቤት ጋር መከራከር፣ አንዱ በኪሎ ሌላው በቁና የለካውን ጤፍ እንደማወዳደር ነው።

ወረራው መቼ ያበቃል?

ታዲያ ነጥቡ ለወራት የማይንቀሳቀሰው ለምንድን ነው? ለዚህ መልስ የሚሆን ምሳሌ ሩቅ ሳንሄድ በገዛ አገራችን እናገኛለን። አገራችን ሰንጠረዥ የተባለ የራስዋ ቼዝ ነበራት። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ይጫወቱት እንደነበር እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ጽፏል። ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ሰንጠረዥ ታሪክና ደንብ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ሰፋ ያለ ጽሑፍ አውጥተዋል።

ሰንጠረዥን ከሌላው ዓለም ቼዝ የሚለየው ዋና ነገር አጀማመሩ ነው። ወረራ በሚባለው በዚህ የመጀመሪያ ክፍል ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ አይጠብቁም። አንዱ የሌላውን እጅ ሳይጠብቅ ጠጠሩን እንደፈለገ ያሰልፋል። ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው።

የዛሬ ጀማሪ በስልኩ ላይ የሚያደርገው ወረራ ነው ብንል አላጋነንም። ተጋጣሚው ተጫወተ፤ እሱ ግን ከቀድሞ ያሰበውን ብቻ ይጫወታል። ንግሥቲቱ በፈረስ ልትበላ ስትል እሱ በሌላው ጠርዝ ወታደር ይገፋል። ያውም በወረራ ጊዜ ጥሩ የሰንጠረዥ ተጫዋች ዓይኑ በተጋጣሚው አሰላለፍ ላይ ነበር። የእኛ ጀማሪ ግን የራሱን ጠጠር ብቻ ነው የሚያየው።

ከዳማ ወደ ቼዝ የመጣ ሰው ደግሞ ሌላ ልማድ ይዞ ይመጣል። በዳማ የሚበላ ጠጠር ካለ መብላት ግዴታ ነው። በቼዝ ግን መብላት ምርጫ ነው። ወታደር 1፣ ፈረስና ቢሾፕ እያንዳንዳቸው 3፣ ሩክ 5፣ ንግሥት 9 ነጥብ ያህል ዋጋ አላቸው። በንግሥት የተጠበቀ ወታደር በልቶ ንግሥትን ማስበላት 1 ወስዶ 9 መክፈል ነው። እንዲህ ያለ ንግድ የትኛው ነጋዴ ይነግዳል?

ሊቅ ከጀማሪ በምን ይበልጣል?

ብዙዎቻችን የቼዝ ሊቅ ማለት ሃያ እርምጃ አስቀድሞ የሚያሰላ ሰው ይመስለናል። የሆላንዱ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አድሪያን ደ ግሩት እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው ጥናት ግን ታላላቆቹ ተጫዋቾች ከሌሎቹ ጠንካራ ተጫዋቾች ይበልጥ አርቀው እንደማያሰሉ አሳየ። ዊልያም ቼዝና ኸርበርት ሳይመን የተባሉት አሜሪካውያን ደግሞ ይህንኑ ተከትለው እ.ኤ.አ. በ1973 አንድ ሙከራ አወጡ። ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ፣ 24 ያህል ጠጠር ያለበትን ሰሌዳ ለ5 ሰከንድ አሳይተው ሸፈኑት፤ ከዚያ «ያያችሁትን ደርድሩ» አሉ። ሊቁ በመጀመሪያው እይታ 16 ያህሉን በየቤቱ መለሰ። ጀማሪው ግን 4 ያህል። ቀጥለው ጠጠሮቹን ያለ ሥርዓት በትነው ሲያሳዩ ልዩነቱ ጠፋ ማለት ይቻላል። ሊቁም እንደ ጀማሪው ሆነ።

የተፈተኑት ሦስት ሰዎች ብቻ ቢሆኑም ከሙከራው የምንረዳው ነገር ትልቅ ነው። ሊቁ የተለየ የማስታወስ ኃይል የለውም። ያለው ደጋግሞ አይቶ ያወቃቸው አሰላለፎች ክምችት ነው። እኛ «በላይነሽ» የሚለውን ቃል ስናይ ፊደል በፊደል አንቆጥርም፤ ባንድ ጊዜ እናነበዋለን። 1ኛ ክፍል ያለ ልጅ ግን «በ - ላ - ይ» እያለ ይቆጥራል። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ቃሉን ገና ስላላወቀው ነው። የቼዝ ጀማሪም ፊደል ቆጣሪ ነው። ማንበብ የሚጀምረው የሚያየውን ነገር ቆም ብሎ ሲያጤነው ነው። በ3 ደቂቃ ጨዋታ ላይ አሥራ አምስት ጊዜ መሯሯጥ ግን ገጽ መገልበጥ እንጂ ማንበብ አይሆንም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ!

ምን እናድርግ?

ሀ/ ሰዓት እናርዝም። ቢያንስ 15 ደቂቃ ተሰጥቶ በየእርምጃው 10 ሰከንድ የሚጨመርበትን ዓይነት ጨዋታ እንምረጥ። በሳምንት ሦስት እንዲህ ያለ ጨዋታ ለጀማሪና ለመካከለኛ ተጫዋች ይበቃዋል። ፈጣኑን ጨዋታ ለመዝናኛ እናቆየው።

ለ/ ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ። 1ኛ፣ ተጋጣሚዬ አሁን ያደረገው ምን ሊያመጣብኝ ነው? 2ኛ፣ የእኔም ሆነ የእሱ ጠባቂ የሌለው ጠጠር አለ? 3ኛ፣ ልጫወት ያሰብኩትን ብጫወት እሱ የሚሰጠኝ ከሁሉ የከፋ መልስ ምንድን ነው? ጣታችን መስታወቱን የሚነካው ከሦስቱ በኋላ ነው።

ለምሳሌ ጀማሪን ሁሉ የሚያስለቅሰውን የ4 እርምጃ ቼክሜት እንውሰድ። ነጭ የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት ይገፋል፤ ጥቁርም እንዲሁ። ነጭ በንጉሡ በኩል ያለውን ቢሾፕ ያወጣል። ጥቁር በንግሥቲቱ በኩል ያለውን ፈረስ አውጥቶ ወታደሩን ይጠብቃል። ነጭ ንግሥቲቱን እስከ ሰሌዳው ጠርዝ ያወጣታል። አሁን 1ኛው ጥያቄ ከተጠየቀ መልሱ ግልጽ ነው፤ ቢሾፑና ንግሥቲቱ ሁለቱም ያነጣጠሩት በጥቁር ንጉሥ በኩል ካለው ቢሾፕ ፊት በቆመው ወታደር ላይ ነው። ያንን ወታደር የሚጠብቀው ንጉሡ ብቻ ነው። ጥያቄው ካልተጠየቀ ጥቁር ሌላውን ፈረስ ያወጣና በሚቀጥለው እርምጃ ቼክሜት ይሆናል። ከተጠየቀ ግን በንጉሡ በኩል ካለው ፈረስ ፊት የቆመውን ወታደር አንድ ቤት ይገፋል። መንገዱ ይዘጋል፤ ንግሥቲቱም ራስዋ ልትበላ ስለሆነ ትሸሻለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ፈረሱ ቀድሞ ወጥቶ የመሐሉን ወታደር ባይጠብቅ ኖሮ ንግሥቲቱ እሱን በልታ ቼክ እያለች በጥግ ያለውን ሩክ ታስፈራራ ነበር። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ጭምር ነው የሚጠናው።

ሐ/ ከተሸነፍን በኋላ ደብተር እናውጣ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ቁም ነገር ይህ ነው። የጨዋታው እርምጃ በገጹ ላይ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ጨዋታው እንዳለቀ «እንደገና!» የሚለውን ከመንካታችን በፊት ከመጀመሪያ ጀምረን እናየዋለን። ከዚያ በገዛ እጃችን እንጽፋለን፦ ጨዋታው የተበላሸው በስንተኛው እርምጃ ይመስለኛል? ያኔ ምን አስቤ ነበር? ምን አላየሁም?

ኮምፒዩተሩን የምንጠይቀው ይህ ከተጻፈ በኋላ ነው። ስቶክፊሽን የመሳሰለው ማስሊያ ከማንኛውም ሰው ይበልጣል፤ በሊቼስ ላይ ያለ ክፍያ ይገኛል። የሚሰጠን ግን መልስ እንጂ ምክንያት አይደለም። «ይህ እርምጃ መጥፎ ነው» ይላል፤ ለምን እንዳደረግነው አያውቅም። ያንን የምናውቀው እኛ ነን። መልሱን አስቀድሞ ያየ ተማሪ «ውይ፣ እሱማ ይገባኛል!» ብሎ ያልፋል፤ ነገ እዚያው ይወድቃል። አስቀድሞ የጻፈ ግን የራሱን ሐሳብ ከኮምፒዩተሩ ጋር ጎን ለጎን ስለሚያይ የተሳሳተበትን ቦታ ብቻ ሳይሆን የተሳሳተበትን መንገድ ያገኛል።

ከ10 ጨዋታ በኋላ ስህተቶቹን እንመድብ፦ ጠባቂ የሌለው ጠጠር ማስበላት፣ የተጋጣሚን ሐሳብ አለማየት፣ በሰዓት መጨናነቅ፣ ማለቂያውን አለማወቅ። ከአራቱ አንደኛው በዝቶ እንደሚገኝ አትጠራጠሩ። የሚቀጥለው ወር ትምህርታችን እሱ ነው። የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ሚካኤል ቦትቪኒክም ተጫዋች የራሱን ጨዋታ እየተነተነ እንዲጽፍ አጥብቆ ይመክር ነበር።

መ/ በየቀኑ 15 ደቂቃ እንቆቅልሽ እንፍታ። እዚህ ላይ ፍጥነት አይጠየቅም። መልሱን እስከ መጨረሻው በአእምሮ ሳንጨርስ ጠጠር አንንካ። ገምቶ መንካት ፈተና ላይ «ሐ» ን ዝም ብሎ እንደማክበብ ነው፤ ቢገኝም አልተማርንበትም።

ሠ/ ማለቂያውን እንማር። የኩባው ካፓብላንካ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው የመማሪያ መጽሐፍ ትምህርቱን የጀመረው ከቀላል ቼክሜቶችና ከማለቂያዎች ነው። ጥቂት ጠጠር ሲኖር የእያንዳንዱ ጠጠር ጉልበት ይታያል። ብዙ ጀማሪ ንግሥት ይዞ፣ ተጋጣሚው ብቻውን ንጉሥ ቀርቶት ሳለ፣ ጨዋታውን አቻ ያደርገዋል። ምክንያቱም ንጉሡ ቼክ ሳይባል መሄጃ ካጣ ደንቡ አቻ ነው የሚለው። በንግሥትና በንጉሥ፣ ቀጥሎ በሩክና በንጉሥ፣ ከዚያ በአንድ ወታደርና በንጉሥ ማሸነፍን ከኮምፒዩተር ጋር ደጋግመን እንለማመድ።

ስለ መክፈቻስ? ከመጀመሪያው አሰላለፍ ነጭ 20 እርምጃ መምረጥ ይችላል፤ ጥቁርም 20። ሁለቱ አንድ አንድ ጊዜ ሲጫወቱ 400 ዓይነት አሰላለፍ ይኖራል። ይህንን በሽምደዳ የሚጨርስ የለም። መሐሉን በወታደር መያዝ፣ ፈረስና ቢሾፕን ቶሎ ማውጣት፣ ንጉሡን ወደ ጥግ ማስጠለል ለጊዜው ይበቃል።

መብራትና ኔትዎርክ ሲጠፋ

ካርድ ያልቃል፤ መብራትም ይጠፋል። ይህ ትምህርቱን አያቋርጠውም። ለቼዝ የሚያስፈልገው 64 ቤት የተሰመረበት ካርቶንና 32 ቆርኪ ነው። 16ቱን በፊት፣ 16ቱን በጀርባ አስቀምጦ የጠጠሩን ስም በማርከር መጻፍ ነው። ለዳማ የሚሆን ቆርኪ ያልጠፋበት ሰፈር ለቼዝ አያጣም። በደብተር የተገለበጠውን የተሸነፍንበትን ጨዋታ በዚህ ሰሌዳ ላይ ደግመን እንየው። እንዲያውም በእጅ ሲነካ አሰላለፉ ይበልጥ ይያዛል። ኮሚናል በምንለው የጋራ መገልገያ ቤት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አራት አምስት እንዲህ ያለ ሰሌዳ ቢዘረጋ የገላን ልጆች በየስልካቸው ከሚበተኑ በአንድ ላይ ይማራሉ። በዚያ ላይ የሚከፈል ነገር የለም።

ስለ ማጭበርበር

አንዳንዱ በጨዋታው መካከል ሌላ ስልክ ከፍቶ ኮምፒዩተሩን ይጠይቃል። ገጾቹ ይህንን ይከታተላሉ፤ ያገኙትንም ያግዳሉ። ከእገዳው ይልቅ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። በሌላ ጉልበት የወጣ ነጥብ ሰውየውን ከአቅሙ በላይ ከሆኑ ተጋጣሚዎች ፊት ያቆመዋል፤ እዚያም ያለ ኮምፒዩተሩ መንቀሳቀስ አይችልም። በኩረጃ ክፍል የተዛወረ ተማሪ ምን እንደሚገጥመው እኛ መምህራን ልንሆን የተዘጋጀን ሰዎች እናውቀዋለን።

በመጨረሻም

እንግዲህ ከላይ ለቀረበው ጥያቄ መልሳችን አጭር ነው። ጭንቅላታችሁ ለቼዝ ተፈጥሯል። ያልተፈጠረው ጊዜ ነው፤ ማለትም ከአንዱ ጨዋታ ወደ ሚቀጥለው ስትዘሉ ለማሰቢያ የተዋችሁት ጊዜ የለም። ልጆቹ «ስንት ጨዋታ ተጫወትክ?» ሲባባሉ ብንሰማ «ስንቱን መረመርከው?» እንበላቸው። የ4ኛ ክፍሉን ተማሪም የተሳሳተበትን ስሌት በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘን ብቻ አንመልስለት። «እዚህ ጋ ምን አስበህ ነበር?» ብለን እንጠይቀው። ልጁ የሚማረው ያንን ጥያቄ ሲመልስ ነው።

ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ ባዶ ወረቀት ተለጥፏል። የተሸነፋችሁበትን አንድ ጨዋታ፣ የተበላሸበትን እርምጃና ያኔ ያሰባችሁትን ጽፋችሁ ለጥፉበት። ያሸነፋችሁበትን ለጊዜው አቆዩት።